የጋሽ አልሸጥም ምሳ

ሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የልጄን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወገብ እየፈታሁ ነበር። ጎረቤቴ ጽጌ ደወለችና ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠኝ "አልሸጥም አረፉ" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ስም ከሞት ጋር አብሮ ሲጠራ አልገጥም ብሎኝ ነው። ከዚያ እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቼ አለቀስኩ። የልጄ የፍሬ ልብስ ጠቧት ስፌቱ ሲለቀቅ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚያውቁ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን ደግሞ ልነግራቸው አልችልም።

ስማቸው ዘለቀ ነው። ፊት ለፊት ጋሽ ዘለቀ እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን ሰፈሩ በሙሉ "አልሸጥም" ነበር የሚላቸው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በሥጋ ቤትና በፀጉር ቤት መሀል የተሸጎጠች ጠባብ መድኃኒት ቤት ነበረቻቸው። መቼም ነጋዴ ተሁኖ እንደሳቸው አይኮንም። ጉንፋን የያዘው ሰው ገብቶ አንቲባዮቲክ ስጡኝ ይላል። እሳቸው ከመነጽራቸው በላይ አየት ያደርጉትና "ማዘዣው?" ይላሉ። ማዘዣ የለም። "እንግዲያስ አልሸጥም። ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ተኛ፤ ካልተሻለህ ጤና ጣቢያ ሂድ።" ሰውየው እየተሳደበ ይወጣል፤ እሳቸው ደህና ዋል ብለው ይሸኙታል።

ማዘዣ ለያዘም ቢሆን ቀላል ሰው አልነበሩም። መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡና መዳፋቸውን ይጭኑበታል። ለማን ነው? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እንዴት እንደሚወሰድ እስቲ ድገሚልኝ። መልሱ ካልጣማቸው ያ መዳፍ አይነሳም። ከኋላ የቆመ ሰው ቢያጉረመርም "መድኃኒት ዳቦ አይደለም" ይሉታል። ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ግን ሦስተኛው ቁልፍ የለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቁልፍ የጎደለው ልብስ ሳይ እጄን ይበላኛል። ልስፋልዎት ባልኳቸው ቁጥር "ይቆየኝ" ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልወደድኳቸውም። እንዲያውም ጠልቻቸው ነበር። ምክንያቱም ልጄ አልበላ ብላ በጨነቀኝ ሰዓት አልሸጥም ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ፍሬ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። አትበላም። አትበላም ስል ትመርጣለች ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አትበላም። ማንኪያ ስታይ ከንፈሯን ትገጥማለች። እዘፍናለሁ፣ እጨፍራለሁ፣ ግቢውን ሙሉ ሳህን ይዤ እከተላታለሁ። እንደምንም አንዲት ጉርሻ ካስገባሁላት ጉንጯ ውስጥ ትወትፋትና አንድ ሰዓት ሙሉ ይዛት ትዞራለች። ለዓመት በዓል የሰፋሁላትን ቀሚስ ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ሳለብሳት ልኳ ነበር። ሌላው እናት ልጇን በዓይኗ ታይ ይሆናል፤ እኔ በሜትር ነው የማያት፣ ሜትሩ ደግሞ አይዋሽም። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አማቴ እማማ አለሚቱ ከጎጃም መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር፤ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፣ ግን ልጅቷን ባቀፏት ቁጥር ክንዷን በሁለት ጣታቸው ለካ ያደርጉና ዝም ይላሉ። ከስድብ ሁሉ የሚያመኝ ያ ዝምታ ነበር።

ጽጌ ናት ስለ ሽሮፑ የነገረችኝ። የልጅን የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ጣፋጭ ሽሮፕ አለ፣ የእኔ ልጅ በእሱ ነው የበላችው አለችኝ። ፍሬን አዝዬ በሩጫ ጋሽ ዘለቀ ዘንድ ሄድኩ። ሽሮፑ መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ በዓይኔ አየዋለሁ። እሳቸው ግን ሚዛን ላይ ውጪ አሉኝ። መጀመሪያ ልጅቷን እንዳዘልኩ፣ ቀጥሎ ብቻዬን መዘኑኝና ቀንሰው ዘጠኝ ኪሎ ከምናምን አሉ። ይህን ሲሉ የእኔንም ኪሎ ጮክ ብለው ስለተናገሩ፣ ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አዙረው አዩኝ።

"ሐኪም ይያት" አሉኝ። "ደሟ ይታይ፣ ሰገራዋ ይታይ። ምን ረሃቧን እንደዘጋው ሳይታወቅ አልሸጥም።"

"ስትሞትብኝ ይሸጡልኛል?" አልኳቸው።

ወንበር ሳብ አድርገው ቁጭ በይ አሉኝ። አልቀመጥም ብዬ ወጣሁ።

የግቢያችን ሰው ደግሞ ደግ ነው። ጨው ቢያልቅብሽ ሳትጠይቂ ይመጣልሻል፤ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የሕፃን ልብስ፣ ሁሉም ከቤት ቤት ይዞራል። መድኃኒትም እንዲሁ ይዞራል። ጽጌ ከልጇ የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ አምጥታ ሰጠችኝ። እማማ አለሚቱ የፋብሪካ መድኃኒት ለሕፃን መስጠት አይወዱም ብዬ ስለማስብ ከልብስ መስፊያዬ ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ልጅቷ መተኛት አበዛች፤ እኔ ደግሞ ሰውነቷ እያረፈ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ብቀሰቅሳት አልነቃም አለች። ዓይኗን ትገልጣለች፣ መልሳ ትከድናለች። አንገቷ አይቆምም። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አዝያት ወጣሁ፤ እማማ አለሚቱ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ይከተሉኛል። እግሬ የወሰደኝ የት ነው? የማልወዳቸው ሰው ዘንድ።

ጋሽ ዘለቀ ወረፋውን ሁሉ ትተው ወጡ። ትንፋሿን አዳመጡ፣ ዓይኗን ገልጠው አዩና "ምን ሰጠሻት?" አሉኝ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ስንት እንደሰጠኋት ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው "ይኼ ብቻ ነው?" ብለው ወደ አማቴ ዞሩ።

እማማ አለሚቱ ከቀሚሳቸው ኪስ ሌላ ጠርሙስ አወጡ። ያው ሽሮፕ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ናት የሰጠቻቸው። ሰናይት ከሰማች ትቆጣለች ብለው ከእኔ ደብቀው፣ እሳቸውም ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። የእሳቸው ማንኪያ ደግሞ የወጥ ማንኪያ ነው።

ሁለቱ ጠርሙሶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። እኔና አማቴ ተያየን። "ነግሬሽ ነበር" ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ቢሉኝም ይገባኛል። ጋሽ ዘለቀ ግን ሁለቱን መዳፎቻቸውን ሁለቱ ጠርሙሶች ላይ ጫኑና ቀስ ብለው "ልጅ በድብቅ አይወደድም" አሉ። ከዚያ ሰውን ሁሉ አስወጥተው መድኃኒት ቤቱን ዘጉና ላዳ ታክሲ አስቁመው ጤና ጣቢያ ይዘውን ሄዱ። በሥራ ሰዓት ያ በር ሲዘጋ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም ነበር።

እስኪመሽ ድረስ አልጋ ላይ አድርገው ተከታተሏት። ፀሐይ ስትጠልቅ ነቃችና ውሃ አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያመሰገንኩበት ቀን የለም። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም በነጋታው ደሟንና ሰገራዋን አስመረመረች። ደሟ አንሷል፣ ሆዷ ውስጥም ትል አለ። እኔ ሳህን ይዤ ስሯሯጥ፣ ልጄ መብላት ያልቻለችበት ምክንያት ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ለትሉም ለደሙም ታከመች። ፊቷ ቀላ አለ፣ መጫወት ጀመረች፤ ምግብ ላይ ግን ገና ነበረች። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟ አይታት ያንኑ ሽሮፕ በትንሽ መጠን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ አዘዘችላት።

ማዘዣውን ጋሽ ዘለቀ ፊት አስቀምጬ መልሼ አነሳሁት። አልፈልግም፣ ይቅርብኝ፣ ያንን ጠርሙስ ዳግም ቤቴ አላስገባም አልኳቸው።

"ያኔ ስትለምኚኝ ከለከልኩሽ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልለምንሽ?" አሉኝ። "አንቺ ጨርቅ ሳትለኪ ትቆርጫለሽ?"

"አልቆርጥም።"

"ስለዚህ ጥፋቱ የመቀስ አይደለም።"

መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አወጡና በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር አሰመሩበት። ከዚህች መስመር አይለፍ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረጉ፤ ጠርሙሱንም ሲሪንጁንም ለእማማ አለሚቱ ሰጡ። ሰጪዋ እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይሰጣት፣ ከወትሮዋ በላይ ከተኛች አቁመው ይምጡ አሏቸው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ያን ቀን ቤት እስክንገባ ድረስ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን መስመሯን አላለፉም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሁዳዴ ገባ። የፍሬ ፍላጎት ትንሽ ተከፈተ፤ ሳህን ስታይ መሸሿን ትታለች፣ ግን ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሳ ትነሳለች። ጋሽ ዘለቀ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ እያወጡን "የጨመርሽውስ አንቺ ነሽ" እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ቀን ምሳዋን እንዴት እንደምትበላ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንቁላሏን ሠርቼ አቀርብላታለሁ፤ እኔና እማማ ፊት ለፊቷ ተቀምጠን ብይ ብይ እንላታለን።

"እናንተስ ምን ትበላላችሁ?"

"እኛማ እየጾምን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። "ሰናይት፣ ሁለት ሰው ሳይበላ አፍሽን እያየ፣ አንቺ ብቻሽን ብትበዪ ይወርድልሻል?"

አይወርድልኝም። ለማንም ሀበሻ አይወርድለትም። እንግዳ እንኳን "አብረን ካልበላን" ሲባል ነው እጁን የሚያነሳው። እኛ ግን ለገዛ ልጃችን ብቻዋን አቅርበን፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ፊት ለፊቷ ተደርድረን ስንጠብቅ፣ ነውርነቱ አንድ ቀን አልታየንም። ሕፃን ናት፣ ጾም አይመለከታትም ብለን ከማዕድም አወጣናት።

ያኔ ነው ምስጢራቸውን ያሳዩኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከካርቶኖቹ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ አላቸው። ጋሽ ዘለቀ ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል፣ ምሳቸውም በሰዓቱ መሆን አለበት። ያደጉት ቅኔ ቤት ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ በሚጾምበት ቀትር መብላት ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ። ይኼን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

"እኔም ብቻዬን ነው የምበላው" አሉኝ። "ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አምጫት።"

አመጣኋት። ሁለት በርጩማ አስቀምጠዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የመጀመሪያው ቀን ፍሬን ዞር ብለውም አላዩዋት። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ እየጣማቸው በሉ። እሷ ጣቷን እየጠባች አፋቸውን ስታይ ቆየች። በሁለተኛው ቀን በርጩማዋን ጎተተችና ጠጋ አለች። በሦስተኛው ቀን፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ትንሽዬ እጅ ምሳ ዕቃው ውስጥ ስትገባ አየሁ። ጋሽ ዘለቀ ምንም እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ጨዋታ አወጡላት፦ "ለኔ አንድ፣ ላንቺ አንድ።" አንድ ይጎርሳሉ፣ አንድ ትጎርሳለች። እሷ ካቆመች እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው "ብቻዬን አልበላም" ብለው ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። ፍሬ ደግሞ ያሳዝኗትና ራሷ ታጎርሳቸዋለች፤ ግማሹ አፋቸው ውስጥ፣ ግማሹ ነጩ ጋዋን ላይ ይወድቃል። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ነገሩን ሲሰሙ የሁለት ሰው ምሳ መቋጠር ጀመሩ፤ እሳቸው እየጾሙ፣ የማይቀምሱትን እንቁላል ይጠብሳሉ።

በእርግጥ ምስጢሩ በሳምንት ውስጥ አለቀ። ደንበኛ ገብቶ ሲጣራ ፍሬ ከጀርባ "ምሳ ላይ ነን!" ብላ ትጮሃለች። አልሸጥም በሁዳዴ ቀትር ላይ እንቁላል ይበላሉ ተብሎ ተወራ፤ ለምን እንደሆነም ተወራ። የሰፈሩ ሰው ያማኛል ብለው ስንት ዓመት የተሸሸጉት ሰው፣ በዚያው ሰሞን ደጃፋቸው ላይ እንዲህ እየተባሉ ይጠየቁ ነበር፦ "ጋሽ ዘለቀ፣ ዛሬ ልጅቷ በላችልዎ?"

የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ሲደርስ ሽሮፑ አለቀ። ሌላ ጠርሙስ ይሸጡልኝ ብዬ ቆምኩ። ልጄ እየበላች ነው፣ ክንዷ ሥጋ ይዟል፣ ከዚህ ወደዚያ መመለስ አልችልም፣ አንድ ብቻ ይጨምሩልኝ አልኳቸው።

"አልሸጥም" አሉ። "ሐኪሟ ያለችው እስከዚህ ነው። መድኃኒቱ በሩን ከፍቶልሻል፤ በር ክፍት ሲሆን ደጅ ላይ ቆሞ ማንኳኳት ምንድን ነው?"

ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ሦስት ቀን የበላችው ከበፊቱ ያነሰ መሰለኝ። ጉርሻዋን ቆጠርኩ፣ ክንዷን እንደ አማቴ በጣቴ ለካሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ጉልበቴን የሆነ ነገር መታኝ። ፍሬ ናት። ባዶ የፕላስቲክ ሳህኗን ይዛ ቆማለች።

"ራበኝ" አለች።

ልጄ ያንን ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከጓዳ እማማ አለሚቱ ሰምተው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጽጌ ሰርገኛ መጣ ብላ ከቤቷ ወጣች። እኔ ደግሞ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ልጄን ከነሳህኗ ታቅፌ ቁልቁል ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጥኩ። ሰው ሞልቷል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳትና "ምን አልሽ? ድገሚላቸው" አልኳት።

"ራበኝ፣ ጋሽዬ።"

ጋሽ ዘለቀ መዳፋቸውን ከአንድ ሰው መድኃኒት ላይ አነሱ፤ ጥያቄ ሳይጨርሱ ሲያነሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። ጊዜው ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። "ይቅርታ፣ ዛሬ ምሳ ቀደም ብሏል" አሉና ወረፋውን አስቁመው ምሳ ዕቃቸውን አወጡ። ወረፋ ላይ የቆመ አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ ሚዛኑ ጋ የነበሩ አንዲት አሮጊት እንዲያውም እያለቀሱ መረቁን።

ከፋሲካ በኋላ አሥራ አንድ ኪሎ ሞላች። እሳቸው ለካ ይኼን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ከሚዛኑ ስንወርድ ጋዋናቸውን አውልቀው ሰጡኝና "በይ አሁን ስፊልኝ" አሉ። ሦስተኛውን ቁልፍ እዚያው ቆሜ ሰፋሁት። ክሩን ስድስት ጊዜ አመላለስኩት፣ ሰው ሲሞት እንኳን እንዳይወልቅ አድርጌ።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው የሞቱት።

ለቅሶ የሄድነው ሦስታችንም ነን፤ እኔ፣ እማማ አለሚቱና ፍሬ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። አልሸጥም ብለው የመለሷቸው ሰዎች ሁሉ የመጡ ነው የሚመስለው። እትዬ ሙሉ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቀብሩ ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሱም። ዕድርተኛው ይለምናል፣ ልጆቻቸው ይለምናሉ፣ ቄሱ ገሠጿቸው። ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ያዞራሉ። ያንን አፍ አውቀዋለሁ። ዓመት ሙሉ ማንኪያ ይዤ የተከተልኩት አፍ ነው።

ፍሬ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ሳህኗን ይዛ ከአጠገቤ ተነሳችና ሄዳ እትዬ ሙሉ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ጠቅለል አድርጋ ጉርሻ ዘረጋችላቸው። እትዬ ሙሉ ፊታቸውን አዞሩ። ልጠራት ስል አማቴ እጄን ያዙኝ።

ፍሬ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረችና ፊቷን አኮሳተረች።

"ብቻዬን አልበላም" አለች።

እትዬ ሙሉ ዞረው እነዚያን የተጣመሩ እጆች አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አፋቸውን ከፈቱ።

"ለኔ አንድ፣ ለእርስዎ አንድ" አለች ልጄ።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ዞር ብላ የምታስተናግደዋን ሴት ጠራቻት።

"ጨምሩልን።"